የሒሳብ ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ትልቅ ሆኗል፤ ገቢውንና አስተዳደሩን በምን መልክ እንያዘው?

ጥያቄ፦ ሒሳብ ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በቴሌግራም የከፈትነው የሒሳብና የግብር ባለሙያዎች ግሩፕ ዛሬ ከ14 ሺህ በላይ አባላት አሉት። የተከፈተው በየድርጅቱ ብቻውን የሚሠራ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የደመወዝ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ ወይም የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ሲያስቸግረው የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ ነበር፤ በዚህ ረገድ ያሰብነው ተሳክቷል ብዬ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 በወጣበት ሰሞን አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ እየጠቀሱ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከሩ አንጋፋ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከዚያ ውይይት ያልተማረ የግሩፑ አባል ያለ አይመስለኝም።

አሁን ግን ግሩፑ ከአቅማችን በላይ እየሆነ መጥቷል። ሦስት አድሚኖች ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ ከመካከላቸው በየቀኑ ለሰዓታት ጥያቄ የሚያስተናግደው አንዱ ባልደረባችን ድካሙ እንዲታሰብለት ጠይቋል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሁለተኛው አድሚን ደግሞ አባላት ቢያንስ አምስት ሰው ካልጨመሩ መጻፍ እንዳይችሉ የሚያደርግ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) እንድናስገባ ይፈልጋል፤ ግሩፑ በፍጥነት ካደገ የማስታወቂያ ገቢ ይገኛል የሚል እምነት አለው። ሌሊት ሌሊት የሚገቡ ሰዎች «የማንኛውንም ድርጅት ደረሰኝ እናዘጋጃለን፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል መልእክት ይለጥፋሉ፤ ጠዋት ተነሥተን እስክናጠፋው ድረስ ስንት ሰው እንዳየው ሳስብ እጨነቃለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የግሩፑ ባለቤትነት ነው። ግሩፑ የተከፈተው በባልደረባዬ አካውንት ሲሆን እርሱ አሁን ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ በመካከላችን ጠብ ባይኖርም በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የአባላቱን አመኔታ ሳናጣ ከግሩፑ ገቢ ማግኘት ይቻላል? የሚቻልስ ከሆነ ከየትኛው እንጀምር?

መልስ 1፦ የቻናል አዘጋጅ (አዳማ)

የቴሌግራም የማስታወቂያ ገቢ ለእናንተ ግሩፕ እንደማይሠራ አድሚናችሁ ቢያውቀው ክርክሩ ያጥር ነበር። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ከማስታወቂያ የሚያገኘውን ገቢ ግማሹን የሚያካፍለው ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው የሕዝብ ቻናሎች ነው፤ ቻናል ማለት ደግሞ አዘጋጁ የሚጽፍበትና ሌላው የሚያነብበት እንጂ እንደ እናንተው አባላት የሚወያዩበት ግሩፕ አይደለም። ስለዚህ አባላቱን ከ14 ሺህ ወደ 100 ሺህ ብታሳድጉም ከዚያ ምንጭ የሚመጣ ገንዘብ የለም። ቻናል ብትከፍቱ እንኳ ክፍያው የሚፈጸመው ቶንኮይን በሚባለው የክሪፕቶ ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉ ዲጂታል ገንዘቦችን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። በየጓዳው ቶንኮይን በብር የሚመነዝሩ ሰዎች መኖራቸው ይታወቃል፤ ሆኖም ሥራው ሕግ ማክበር የሆነ የግብር ባለሙያዎች ስብስብ መተዳደሪያውን በዚያ ላይ ቢመሠርት የሚያምርበት አይመስለኝም። ስታርስ የሚባለው የቴሌግራም የውስጥ መክፈያም ቢሆን በመጨረሻ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው።

የእናንተ ዋጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሲፈልግ 14 ሺህ የሒሳብ ሰዎች በአንድ ላይ የተሰበሰቡበት ሌላ ቦታ ከየት ያገኛል? የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በተወሰነ ዋጋ፣ ራሱን በቻለ ቶፒክ (በግሩፑ ውስጥ ለአንድ ርዕስ በተለየ ክፍል)፣ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ ሊሆን ይችላል። የፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ወይም የአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም ለማስታወቂያ ይከፍላሉ፤ ነገር ግን እነዚህን ሳታጣሩ አታስገቡ፤ ምክንያቱም ሥልጠናው ደካማ ከሆነ አባላቱ የሚወቅሱት እናንተን ነው። ዋጋችሁን በግልጽ ለጥፉ፣ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ የተከፈለበት መልእክት ሁሉ ከላዩ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበት። በውይይቱ መካከል እንደ ተራ ምክር ተመስሎ የሚገባ ማስታወቂያ ግሩፕን ቀስ በቀስ ይገድላል፤ አባላቱ አንዴ ከጠረጠሩ እውነተኛውን ምክር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ።

ሌላው የምመክረው የሚከፈልበት አነስተኛ ግሩፕ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሸጠው ፋይል ነው፤ ፋይል ግን በወጣበት ቀን ማታ በሌላ ግሩፕ በነፃ ይገኛል። ሰው ደጋግሞ የሚከፍለው ለፋይሉ ሳይሆን የራሱን ጥያቄ አንድ ልምድ ያለው ሰው በዚያው ቀን ተመልክቶ እንዲመልስለት ነው። ከአባላታችሁ 300 ሰዎች ብቻ በወር 100 ብር ቢከፍሉ 30 ሺህ ብር ይሆናል፤ ይህ ለሦስት አድሚኖች የትርፍ ሰዓት ድካም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዋናው ግሩፕ ግን ምንጊዜም በነፃ መቀጠል አለበት፤ ከፋዩም የሚመጣው ከዚያው ነው።

መልስ 2፦ የግሩፕ አስተዳዳሪ (ባሕር ዳር)

አምስት ሰው ስለሚያስጨምረው ቦት ልናገር፤ ጉዳዩን በቅርበት ስለማውቀው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በግድ የተጨመረ ሰው ወይ በዚያው ቀን ይወጣል፣ ወይ ድምፁን ዘግቶ ይረሳዋል፣ ወይም ግሩፑን ስፓም ብሎ ለቴሌግራም ያመለክታል። ግሩፑ ከሩቅ ሲታይ ትልቅ ይመስላል፤ የሚጠይቁትና የሚመልሱት ግን እነዚያው ሰዎች ናቸው። ይባስ ብሎ ቦቱ የሚያግደው ለመጻፍ የመጣውን ሰው ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ኦዲተር ለጀማሪው ጥያቄ ሊመልስ ሲል «መጀመሪያ አምስት ሰው ጨምር» ከተባለ አልፎ ይሄዳል እንጂ የጓደኞቹን ስም እየፈለገ አይቀመጥም። የግሩፓችሁ ሀብት ደግሞ እርሱ ነው። የብዙ ቻናሎችን ሊንክ በአንድ ፎልደር ሰብስቦ ተከታይ የመለዋወጥ ልማድም ቢሆን ለቀልድና ለስፖርት ቻናሎች ያገለግል ይሆናል፤ ለሙያ ግሩፕ ግን የማይመለከተውን ሰው ያመጣል።

እድገታችሁን በአባላት ብዛት ፈንታ ጥያቄ ምን ያህል ጊዜ ሳይመለስ እንደሚቆይ ብትለኩት እመርጣለሁ። የእናንተ ሙያ ወቅት አለው። ከሐምሌ ጀምሮ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የማሳወቂያ ጊዜ እስከሚያበቃበት እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ጥያቄው ይጎርፋል። በዚያ ጊዜ አንድ ጥያቄ በሁለት ሰዓት ውስጥ ትክክለኛ መልስ ካገኘ ጠያቂው ሊንኩን ለባልደረባው ራሱ ይልካል። የተደጋገሙ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ሰብስባችሁ ከላይ ፒን አድርጉ፤ ግሩፑንም በቶፒክ ከፋፍሉት፦ ደመወዝና ጡረታ ለብቻ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻ፣ ክፍት የሥራ ቦታ ለብቻ። የሚደክመው አድሚናችሁ ሸክም የሚቀለው ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ነው።

የደረሰኝ ሻጮቹን በተመለከተ የቃላት ማጣሪያ ብቻውን አይጠቅማችሁም። «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል ብታግዱ የሒሳብ ግሩፕ መሆናችሁ ይቀራል፤ ሻጩ ደግሞ በፊደላቱ መካከል ነጥብ እየከተተ ይጽፈዋል፣ ወይም ምስል አድርጎ ይለጥፈዋል። የሚሻለው በቃሉ ሳይሆን በአድራጎቱ መያዝ ነው። አዲስ የገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንክ፣ ምስልና ከሌላ ቦታ የተላለፈ መልእክት እንዳይልክ አድርጉ፤ ይህን የሚሠሩ ቦቶች አሉ። «በውስጥ ያናግሩን» ከስልክ ቁጥር ጋር ተያይዞ ከአዲስ አባል ሲመጣ ቦቱ ወዲያው ያጥፋው። ሰዎቹ የሚገቡት አድሚን በሚተኛበት ሰዓት መሆኑን አውቃችሁ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ግሩፑን መዝጋትም ይቻላል፤ በዚያ ሰዓት ጥያቄው ጥቂት ስለሆነ የሚጎዳ ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም በአገር ውስጥ ያለ ቪፒኤን በማይሠራበት ጊዜ ብዙ ግሩፖች አባሎቻቸውን የሚያገኙበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። የሚከፍሉ አባላት ከኖሯችሁ የኢሜይል አድራሻቸውን በፈቃዳቸው መዝግባችሁ ያዙ፤ ገንዘብ ተቀብሎ መጥፋት የሚመስል ነገር እንዳይደርስባችሁ።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ (አዲስ አበባ)

የጠያቂው የመጨረሻ ስጋት ለእኔ የመጀመሪያው ነው። በቴሌግራም አሠራር የግሩፕ ባለቤት አንድ አካውንት ብቻ ነው፤ ያ አካውንት ግሩፑን ሊያጠፋ፣ አድሚኖችን ሁሉ ሊያነሣ ይችላል። ባልደረባዎ ቅን ሰው ቢሆኑም ስልካቸው ሊጠፋ፣ የኢትዮጵያ ቁጥራቸው ሳይሞላ ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ባለቤትነትን ማዛወር የሚቻለው የሚያዛውረው ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ካበራ ከ7 ቀን በላይ ሲሆነውና የገባበት መሣሪያ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቆይ በመሆኑ ችግር ከደረሰ በኋላ በአንድ ምሽት የሚሠራ ጉዳይ አይደለም። ከገንዘቡ ጉዳይ በፊት ይህን ጨርሱ። ከዚያም በሁለታችሁ መካከል አጭር ስምምነት ይጻፍ፦ ግሩፑ የማን ነው፣ ገቢው እንዴት ይከፋፈላል፣ አንዱ ቢለቅ ምን ያገኛል፣ ግሩፑን መሸጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም። ግሩፖችና ቻናሎች እንደ ዕቃ በሚሸጡበት በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ነጥብ መዝለል አይገባም፤ አባላቱ እናንተን አምነው የገቡበት ቤት አንድ ቀን ጠዋት የማያውቁት ነጋዴ ቤት ሆኖ ቢገኝ መክዳት ነውና።

በአድሚኖች ላይ ስላለው ኃላፊነትም ልናገር። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲፈጸም ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፤ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። የግሩፕ አባል እንደ ተከታይ ይቆጠራል ወይ የሚለው የሚያከራክር ቢሆንም 14 ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ አድሚን ክርክሩን በራሱ ላይ እንዲፈተን ማድረግ የለበትም። የግብር መሥሪያ ቤት «አዲስ መመሪያ አወጣ» የሚል ማኅተም አልባ ወረቀት ሲለጠፍ ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ማንሣት ጥሩ ልማድ ነው። የሐሰተኛ ደረሰኝ ማዘጋጀትና መጠቀም ደግሞ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከባድ ወንጀል ነው፤ ማስታወቂያውን አይቶ ዝም ያለ አድሚን ቢያንስ ስሙ በምርመራ መዝገብ ላይ እንዲነሣ በር ይከፍታል። ስታጠፉ ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት አስቀሩ፤ የቴሌግራም የአድሚኖች ተግባር መዝገብ የሚይዘው የ48 ሰዓት ታሪክ ብቻ ነው።

በሙያችሁ ጠባይ ምክንያት የሚመጣ ሌላ አደጋ አለ። ጠያቂዎች የደንበኛቸውን የሒሳብ ሰነድ ፎቶ አንሥተው ሲለጥፉ የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሠራተኞች ስምና ደመወዝ አብሮ ይወጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ስምና ቁጥር ሳይሸፈን የተለጠፈ ሰነድ ወዲያው እንደሚነሣ በደንባችሁ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

መልስ 4፦ የነርሶች ግሩፕ አስተባባሪ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ግሩፕ ስላለን ጉዳዩ በደንብ ገብቶኛል። ከመልስ 1 ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የሚከፈልበት ግሩፕ ሲከፈት መልስ የሚያውቁት ሰዎች ቀስ በቀስ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ በነፃው የሚቀሩት ጠያቂዎች ብቻ ይሆናሉ። ያ አንጋፋ ኦዲተር በነፃ የሚመልሰው ወጣቱን መርዳት ደስ ስለሚለው ነው፤ አጠገቡ በገንዘብ የሚመለስበት ክፍል መኖሩን ሲያውቅ «የእኔን ድካም ሌላ ሰው እየሸጠው ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ክፍያ ካስፈለገ መልስ ሰጪዎቹ ራሳቸው ከገቢው ድርሻ ይኑራቸው፤ አለበለዚያ የሥራ ማስታወቂያው ይበቃችኋል።

እኛ የምንተዳደረው ወላጆቻችን በእድር በሚያውቁት አሠራር ነው። እድር የሚጸናው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ፣ መተዳደሪያ ደንቡም ተጽፎ ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። በግሩፓችንም አባል የሚያስወጣውና ገንዘብ የሚይዘው አንድ ሰው አይደለም። አባል ሲታገድ ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ የታገደውም ሰው ውሳኔውን ላልወሰነ ሌላ አድሚን አቤት ማለት ይችላል። ይህን ከጀመርን ወዲህ «በዘሬ ነው ያስወጣችሁኝ»፣ «ስለማትወዱኝ ነው» የሚለው ክስ በጣም ቀንሷል፤ ምክንያቱም ውሳኔው ከየትኛው የደንብ አንቀጽ እንደመጣ ይታያል። ገቢና ወጪ በየወሩ መጨረሻ ከባንክ ወረቀቱ ጋር ይለጠፋል፤ የአባላት ስም ግን ይሸፈናል። እናንተ የሒሳብ ሰዎች ናችሁ፤ የግሩፑን ሒሳብ ለአባላት አለማሳየት ከእናንተ ፈጽሞ አይጠበቅም።

መዋጮ ለመሰብሰብ ካሰባችሁ አባላቱ ያሉበትን አገር ተመልከቱ። እኛ እዚህ የታመመን ሰው ለመርዳት በቀላሉ እናዋጣለን፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ በዚያ ያሉ አባላት ጥሪውን ማሰራጨታቸው ራሱ ሊያስጠይቃቸው ይችላል።

ጠያቂው፦ ሒሳብ ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባልደረባዬን አነጋግሬዋለሁ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬ አብርቷል፤ ቀኑ እንደሞላ ባለቤትነቱን በሁለታችን ስምምነት ለግሩፑ ብቻ ወደተከፈተ አካውንት እናዛውራለን። አምስት ሰው የሚያስጨምረውን ቦት ትተነዋል። የሚከፈልበትን ግሩፕ ለጊዜው እናቆየውና የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን እናስቀድማለን። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ የማስታወቂያውን ገንዘብ በማን ስም እንቀበል? በአድሚኑ የግል ቴሌብር መቀበል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለሌላው የምንመክረውን ራሳችን ማፍረስ አልፈልግም።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ (አዲስ አበባ)

በግል አካውንት አትቀበሉ። የሚከፍሏችሁ ድርጅቶች ወጪያቸውን ለማስመዝገብ ሕጋዊ ደረሰኝ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያባርር ግሩፕ ደግሞ ትክክለኛውን መቁረጥ ይኖርበታል። ከሁለታችሁ አንዱ በማስታወቂያ ሥራ ዘርፍ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያውጣ፤ ወይም ሁለታችሁም ባለድርሻ የሆናችሁበት አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ተከፍቶ ገንዘብ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ እንዲያስፈልግ ይደረግ፤ ባልደረባዎ ውጭ ስላሉ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ለሚያምኑት ሰው ይስጡ። ውክልናው ገንዘብ ማውጣትን የሚመለከት ከሆነ ሥልጣኑ በግልጽ ይዘርዘር፤ በደፈናው የተጻፈ ውክልና ባንክ አይቀበልም።